በቀጭን ጥይት አጋዘን መጣል፦ 243 ዊንቸስተር ለጀማሪ

እኛ አገር ጠመንጃ የሚከበረው በአፈሙዙ ስፋት ነበር። የአያቴ ውጅግራ 11 ሚሊሜትር አረር ነበር የምትተፋው፤ ከእሷ ያነሰው ሁሉ ቤታችን ውስጥ «የወፍ ማባረሪያ» ይባል ነበር። ይኸው አመለካከት ውቅያኖስ ተሻግሮ ኮሎራዶ ድረስ ተከትሎናል። አውሮራ ውስጥ አደን መጀመር የሚፈልጉ ልጆች ምክር ሲጠይቁኝ ጠመንጃዬን አውጥቼ አሳያቸዋለሁ። ጥይቷን በጣታቸው ያገላብጡና «ይቺ ለጥንቸል ነው እንዴ?» ይሉኛል። ከዚያ ሱቅ ሄደው 300 ዊንቸስተር ማግነም ይገዛሉ። ትንሽ ቆይተው ትከሻቸው ጠቁሮ፣ ቃታ በሳቡ ቁጥር ዓይናቸውን መጨፈን ለምደው ይመለሱልኛል።

እኔ የረጅም መንገድ ጭነት ነጂ ነኝ። ቀኝ ትከሻዬ ኦፕሬሽን ስለተደረገ ኃይለኛ እርግጫ አልችልም፤ 243ን የመረጥኩት በሐኪም ግዳጅ ነው ማለት ይቻላል። አሁን ግን ትከሻዬ እንደ ድሮው ቢሆንልኝም ለአጋዘን ሌላ አልገዛም። ቀጭን ጥይት ለትልቅ አውሬ ይበቃል። ከባዱ ጥይት አንዳንዴ ይቅር የሚለውን ጥፋት ግን ይቺ አታልፍም፤ የምጽፈው ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። የ243 አረር ስፋቱ 6.2 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ሁላችንም ከምናውቀው ክላሽ ይቀጥናል። ቀለሁን ግን ተመልከቱ። ዊንቸስተር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1955 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ሲያወጣት የወፍራሟን ታላቅ ዘመዷን የ308ን ቀለህ ወስዶ አንገቱን አጠበበው። ባሩዱ ብዙ፣ አረሩ ቀላል ሆነ፤ ትርፉ ፍጥነት ነው። 100 ግሬይን፣ ማለትም 6.5 ግራም የሚመዝን አረር በሴኮንድ 2,960 ጫማ ያህል ይወነጨፋል። ጉልበቱ አፈሙዙ ላይ 1,945 ፉት-ፓውንድ፣ 100 ያርድ ላይ 1,615፣ 200 ላይ 1,330፣ 300 ላይ ደግሞ 1,090 አካባቢ ነው። ክላሽ ገና ከአፈሙዙ ሲወጣ 1,500 ገደማ ስለሆነ፣ የኔዋ «የጥንቸል ጥይት» 100 ያርድ ከሄደች በኋላም ትበልጠዋለች። እርግጫዋ በተመሳሳይ ክብደት ጠመንጃ ከ308 ግማሽ ብዙም አያልፍም።

ቀጭን ስል ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑን የሚያበጀው ሕግ ነው። ኮሎራዶ ለትልቅ አውሬ ከ24 ካሊበር (0.24 ኢንች፣ 6 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት) ያነሰ ጠመንጃ አትፈቅድም። አረሩ ሲመታ የሚከፈት ዓይነት መሆን አለበት፤ ለአጋዘን፣ ለፕሮንግሆርን (ሚዳቋ መሳይ የሜዳ እንስሳ) እና ለድብ ቢያንስ 70 ግሬይን፣ ለኤልክና ለሙስ (ትልልቆቹ የአጋዘን ዘመዶች) ቢያንስ 85 ግሬይን ይጠየቃል። 100 ያርድ ላይ ደግሞ 1,000 ፉት-ፓውንድ ጉልበት ሊኖረው ይገባል። 243 በስፋት በጭንቅ አልፋ ትገባለች። ኤአር-15 ያላችሁ ልጆች፣ የእናንተ 223 እዚህ ለአጋዘን አትሆንም፤ በስፋትም አትደርስም፣ የተለመደው 55 ግሬይኑም በጉልበት ይወድቃል። ቨርጂኒያ ያላችሁ ደግሞ ወሰናችሁ 23 ካሊበር ስለሆነ 223 እዚያም ውጭ ነው። ዋሽንግተን ስቴት ለአጋዘንና ለኤልክ እንደ ኮሎራዶ 24 ነው። ቴክሳስ ሰፊ ነው፤ ካፕሱሉ የቀለሁ መሃል ላይ የሆነ ጥይት ሁሉ ለአጋዘን ይሆናል፤ የተከለከለው እንደ ትንሹ 22 ጠርዙ ላይ የሚመታው ነው። ደንቡ ሊለወጥ ስለሚችል የዘመኑን የአደን መመሪያ ከየስቴታችሁ አውርዱና አንብቡ፤ «ባለፈው ዓመት እንዲህ ነበር» የሚል መልስ የዱር እንስሳት ጠባቂው ዘንድ አይሠራም።

ወረቀቱን ባጭሩ ላውራው። በ1949ና ከዚያ በኋላ የተወለደ ሰው ኮሎራዶ ውስጥ ፈቃድ ለመግዛት የአዳኝ ትምህርት ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል። የአጋዘን ፈቃድ በዕጣ ነው፤ ማመልከቻው ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ይዘጋል፤ በመስከረም የሚያስታውስ ሰው ተራፊውን ይለቃቅማል። ሌላው ከአደን ሕግ የሚብስ ነው፦ የመኖሪያ ጉዳያችሁ ያልለየለት ከሆነ፣ ወይም በጊዜያዊ ቪዛ ከሆናችሁ፣ ጠበቃ ሳታማክሩ የጓደኛ ጠመንጃ እንኳ እንዳትይዙ። የፌዴራሉ ሕግ በዚህ አይቀልድም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ አረሩ። 243 ሁለት ሥራ አላት፤ አንዱ አጋዘን፣ ሌላው ቀበሮ መሳዩን ኮዮቴና የሜዳ አይጥ መሳዩን ፕሬይሪ ዶግ መግደል። ለሁለቱም ሥራ ጥይት ይሸጣል፤ ሳጥኖቹ አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ሁለቱም ላይ 243 ዊንቸስተር ተብሎ ተጽፏል። የሆርናዲ 58 ግሬይን ቪ-ማክስ ለምሳሌ ግሩም ጥይት ነው፤ ኮዮቴ ላይ። የተሠራው እንደነካ እንዲበታተን ነው። አጋዘን ትከሻ ላይ ብትተኩሱት ቆዳና ሥጋ ላይ ፈንድቶ ጨፍላቃ ቁስል ያበጃል እንጂ ሳንባ ድረስ መዝለቁ አያስተማምንም። እንስሳው ሮጦ ሁለት ቀን ተሰቃይቶ ሌላ ሸለቆ ውስጥ ይሞታል። «243 አቁስሎ የሚያመልጥ ጥይት ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ «በስንት ግሬይን ተኮስክ?» በሉት። ብዙ ጊዜ አያውቀውም።

ለአጋዘን ከ95 እስከ 100 ግሬይን ያለውን፣ ሳጥኑ ላይ ለአጋዘን ወይም ለትልቅ አውሬ መሆኑ የተጻፈበትን ግዙ። ሦስት ዓይነት አሠራር ታገኛላችሁ። አንደኛው የተለመደው እርሳስ በመዳብ የተሸፈነ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ጎድን አጥንት ላይ በደንብ ይሠራል። ሁለተኛው ኖስለር ፓርቲሽን የሚባለው ነው። ጆን ኖስለር የሚባል ሰው በ1946 ካናዳ ውስጥ ሙስ ሲያድን አረሮቹ ቆዳው ላይ እየተሰባበሩ ቢያስቸግሩት፣ መሃሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ ያለው አረር ሠራ። የፊተኛው እርሳስ ይከፈታል፣ የኋለኛው በግድግዳው ታግዶ ሳይበተን ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ለቀጭን ጥይት ከዚህ የተሻለ ሐሳብ እስካሁን አላየሁም። ሦስተኛው ሙሉ በሙሉ መዳብ የሆነው፣ ባርነስ ቲኤስኤክስና መሰሎቹ ናቸው። 80 ወይም 85 ግሬይን ቢሆኑም ክብደታቸውን ስለማይጥሉ ከከባዱ እርሳስ እኩል ይዘልቃሉ፤ ግን ለመከፈት ፍጥነት ይፈልጋሉ፣ ስለዚህ ሩቅ ላይ አትመኑባቸው።

ባለፈው ኅዳር አንዱን ፓርቲሽን ከአጋዘኑ ማዶ ጎን፣ ከቆዳው ሥር በጣቴ ዳስሼ አወጣሁት። ፊቱ እንደ እንጉዳይ ተገልብጦ የመዳቡ ከንፈሮች ወደ ኋላ ታጥፈዋል፤ ጀርባው ከሳጥኑ እንደወጣ ነው፣ የጠመንጃው ጥርስ (አረሩን የሚያሽከረክረው የአፈሙዙ የውስጥ መስመር) ከቧጨረው በቀር ጭረት የለበትም። ወርቅ ሠሪ ጓደኛዬ ሚዛኑ ላይ ቢያስቀምጠው 6.5 ግራም የነበረው 4 ግራም ከትንሽ ሆኖ ተገኘ። ከአንዱ ጎን ገብቶ ሁለቱን ሳንባ ጨርሶ ማዶ ቆዳ ሥር የቆመ 4 ግራም።

አሮጌ ጠመንጃ ለምትገዙ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው 1955 ሬሚንግተን 244 የሚባል ተፎካካሪ አውጥቶ ነበር፤ ስፋቱ አንድ ነው። ግን የአፈሙዙን ጥርስ ለቀላል አረር ብቻ በሚሆን አዟዟር፣ በ12 ኢንች አንድ ዙር ሠራው፤ 100 ግሬይኑን አላስተካክል አለ። አዳኞች ፊታቸውን አዞሩበት። በኋላ ጥርሱን በ9 ኢንች አንድ ዙር አድርጎ፣ በ1963 ስሙን 6 ሚሊሜትር ሬሚንግተን ብሎ ቢመልሰውም ገበያው ወደ ዊንቸስተር ሄዶ ነበር። እናም የምትገዙት ጠመንጃ የመረጣችሁትን አረር መያዝ አለመያዙን ወረቀት ላይ ተኩሳችሁ እዩ፤ ቀዳዳው ክብ ሳይሆን ሞላላ ከሆነ አረሩ እየተገለባበጠ ነው የሚሄደው።

ክርክር በተነሳ ቁጥር የካራሞጆ ቤል ስም መጠራቱ አይቀርም። ዋልተር ቤል የሚባለው ይህ ስኮትላንዳዊ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ምሥራቅ አፍሪካንና የኛን ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ እየዞረ ከ1,000 በላይ ዝሆን ገድሏል፤ አብዛኛውንም በ7 ሚሊሜትር ሞዘር ጥይት። «ዝሆን በ7 ሚሊሜትር ከወደቀ አጋዘንማ በምንም ይወድቃል» ይላሉ። ቤል ግን የዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ አስተርትሮ አንጎሉ የት እንዳለ ያጠና ሰው ነው፤ የሚተኩሰውም የማይከፈት፣ ድፍን 173 ግሬይን አረር ነበር። ለአጋዘን ድፍን አረር እዚህ ሕገወጥ ነው፤ ከቤል የሚወሰደው የጥይቱ ቁጥር ሳይሆን መጋዙ ነው። አውሬውን ከፍታችሁ ሳንባው እስከ የት እንደሚደርስ፣ ልቡ ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደተቀመጠ፣ የትከሻው አጥንት ምን ያህል እንደሚሸፍን አስተውሉ። የመጀመሪያ አጋዘናችሁን ስትበልቱ አትቸኩሉ።

መነጽሩን ማስተካከል ቀላል ነው። 100 ያርድ ላይ 2 ኢንች ያህል ከፍ ብላ እንድትመታ አድርጓት፤ 200 ላይ ልክ ትሆናለች፣ 300 ላይ ወደ 8 ኢንች ዝቅ ትላለች። ነፋስ ግን ከዝቅታው ይብሳል። ሊሞን አካባቢ ያለው ሜዳ ላይ ፕሮንግሆርን የሚያድን ሰው በሰዓት 10 ማይል ነፋስን ነፋስ አይለውም፤ ያቺው ነፋስ 300 ያርድ ላይ አረሩን 8 ኢንች ያህል ትገፋዋለች። የፕሮንግሆርን ሳንባ ስፋቱ ራሱ ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ሁለቱን ስትደምሩት ለምን 300 ላይ እንደማልተኩስ ይገባችኋል። የኔ ወሰን 200 ነው፤ ነፋስ ካለ 150።

የእናንተን ወሰን ለማወቅ ተራ የወረቀት ሳህን ይበቃል። 6 ኢንች የሆነውን ምረጡ። ቼሪ ክሪክ ስቴት ፓርክ ያለው ዓይነት የተኩስ ሜዳ ሄዳችሁ፣ ጠረጴዛውን ትታችሁ፣ መሬት ተቀምጣችሁ፣ ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አድርጋችሁ አምስት ተኩሱ። አምስቱም ሳህኑ ላይ ካረፉ ትንሽ ራቁና ድገሙት። አንዷ እንኳ የሳተችበት ርቀት ወሰናችሁን አልፏል። ጠረጴዛና የአሸዋ ከረጢት ላይ የተገኘ ውጤት ስለ ጠመንጃው እንጂ ስለ እናንተ አይናገርም። ዓይን የመጨፈን ልማድ የያዛችሁ ደግሞ ጓደኛ ፈልጉ፤ እሱ ካዝናው ውስጥ አንዳንዴ እውነተኛ፣ አንዳንዴ ባዶ የልምምድ ጥይት ያስገባላችሁ። ባዶዋ ላይ ቃታ ስትስቡ አፈሙዙ ከተወዛወዘ በሽታው እሱ ነው። 243 ላይ ይህ ልማድ ቶሎ ይለቃል፤ ቀጭኗን የምወድበት ትልቁ ምክንያትም ይህ ነው።

አቋቋም። የምተኩሰው እንስሳው ሙሉ ጎኑን ሲሰጠኝ፣ ወይም ጭራው ትንሽ ወደ እኔ ዞሮ ፊቱ ወዲያ ሲሆን ብቻ ነው። ጎኑን ከሰጠ የፊት እግሩን የኋላ ጠርዝ ተከትላችሁ ውጡ፤ ከደረቱ ሥር ጀምሮ የአካሉን ቁመት ሲሶ ስትደርሱ ቁሙ። እዚያ ሁለቱም ሳንባዎች አሉ፣ ዝቅ ካለ ልብ አለ፣ አጥንቱም ቀጭን ጎድን ብቻ ነው። ጭራው በትንሹ ወደ እናንተ ከዞረ አነጣጥሮው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ የምታስቡት የምትገባበትን ሳይሆን ማዶ ትከሻው ላይ የምትወጣበትን ነው። 308 የያዘ ጓደኛዬ ፊት ለፊት ደረት ላይ፣ ወይም ትከሻ አጥንት ሰብሮ ይተኩሳል፤ ይሳካለታል። እናንተ አትሞክሩት። ፊቱን የሰጠ፣ ቂጡን የሰጠ፣ የሚሄድ፣ ከመንጋ ጋር የተደራረበ እንስሳ ላይ ቃታችሁን አትንኩ። ሚዩል ዲር የሚባለው ባለ ትልቅ ጆሮ አጋዘን ደግሞ ደንግጦ ሲሮጥ ብዙ ጊዜ ትንሽ ሄዶ ቆሞ ወደ ኋላ የማየት ጠባይ አለው። ጠብቁት። ካልቆመም ሄደ ማለት ነው፤ ጠመንጃውን አውርዱ።

ኤልክን በተመለከተ ሕጉ 85 ግሬይን ካላችሁ ይፈቅድላችኋል፤ እኔ አልፈቅድላችሁም። ወንዱ ኤልክ 300 ኪሎ ይደርሳል፤ ቆዳው ወፍራም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ጽናቱ የሚገርም ነው። በ243 ኤልክ የሚጥሉ ሰዎች አሉ፤ መሬቱን እንደ ጓሯቸው የሚያውቁ፣ ለሳምንታት መጠበቅ የሚችሉ የአገሬው ሰዎች ናቸው። እኛ የሁለት ቀን ዕረፍት ይዘን ክሬግ ድረስ አራት ሰዓት ነድተን የምንሄድ ሰዎች የምናገኘው አንድ ዕድል፣ እሱም ጠማማ ሊሆን ይችላል። ለኤልክ ከ308 ጀምሩ።

ሜዳው ላይ ስትወጡ ከወገብ በላይ 500 ካሬ ኢንች ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ልብስና ኮፍያ ግዴታ ነው። መኪና ውስጥ የጠመንጃው ጉሮሮ (ጥይቷ ለመተኮስ የምትገባበት ክፍል) ባዶ ይሁን፤ ከመኪና ላይ ወይም መንገድ አሻግሮ መተኮስ ወንጀል ነው።

ተኮሳችሁ እንበል። ወዲያው ሁለተኛዋን ጉሮሮ አስገቡና በመነጽሩ ማየታችሁን አታቋርጡ። የቆመበትን ቦታ በአንድ ቁጥቋጦ ወይም ድንጋይ ምልክት ያዙ፤ የቀጭን ጥይት ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው የሚወጣው። የመግቢያዋ ቀዳዳ የእርሳስ ብዕር ጫፍ ናት፤ መውጫ ከሌላት ደሙ ደረቱ ውስጥ ይጠራቀምና መሬት ላይ ጠብ የሚለው ጥቂት ነው። ሳንባው የተመታ አጋዘን 50 ወይም 100 ያርድ ሮጦ ይወድቃል፤ ግን ቁጥቋጦ ውስጥ ከሆነ በደም መከተል ላይሆንላችሁ ይችላል። ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ከዚያ የቆመበት ቦታ ሄዳችሁ በርከክ ብላችሁ ፈልጉ። አረፋ ያለው ፈካ ያለ ቀይ ደም ሳንባ ነው፤ ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ ሞቶ ታገኙታላችሁ። ጠቆር ያለ ደም ጉበት ነው፤ ሰዓታት ጠብቁ። አረንጓዴ ነገር ወይም የፈርስ ሽታ ካለ ከዚያም በላይ ጠብቁ፤ ቸኩላችሁ ካስነሳችሁት ታጡታላችሁ። ባገኛችሁት ምልክት ሁሉ ላይ ደማቅ ክር እያሰራችሁ ሂዱ፤ ወደ ኋላ ስትመለከቱ ክሩ የሄደበትን አቅጣጫ ያሳያችኋል።

ስትደርሱ ከጀርባው ቅረቡና ዓይኑን በረጅም እንጨት ንኩት። ካልተርገበገበ አልቋል። እኔ በስመ አብ ብዬ ቢላዬን አነሳለሁ፤ ሙስሊሙ የአደን ጓደኛዬ ቢስሚላሁን የሚለው ቃታውን ሲስብ ነው። «አጋዘን ይበላል ወይ?» ብለው ከአዲስ አበባ ለሚደውሉ እናቶች ደግሞ፣ ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ዋላንና ሚዳቋን በስም ጠርቶ ፈቅዷል፤ ያመሰኳል፣ ሰኮናውም የተሰነጠቀ ነው። የፈቃዱን ካርድ ፈርማችሁ፣ ቀኑን ሞልታችሁ እሰሩበት፤ የጾታውን ማስረጃ ከሥጋው አትቁረጡ።

ፈጣን አረር ባለፈበት ሥጋ ዙሪያ ደም ይቋጥራል፤ የእርሳስ ቅንጣትም ከቁስሉ ራቅ ብሎ ይበተናል። መዳፍ የሚያህል ዙሪያውን ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ደግሞ ከመጀመሪያው የመዳቡን አረር ምረጡ። ጮማውን ሁሉ አውልቁ፤ የአጋዘን ጮማ እንደ በሬ አይደለም፣ አፍ ላይ እንደ ሻማ ይረጋል። ቀዩ ሥጋ ግን ለቋንጣ ተወዳዳሪ የለውም።

ጥሬውን እንዳትነኩ። ይህን የምለው ቁርጥ ለሚወዱ ሰዎች መሆኑን አውቃለሁ። አጋዘንና ኤልክ ላይ የሚገኘውና አንጎል የሚያመነምነው ሲደብሊውዲ የሚባል በሽታ መጀመሪያ የታየው በ1967 እዚሁ ኮሎራዶ፣ ፎርት ኮሊንስ ውስጥ ነው። ወደ ሰው መተላለፉ አልተረጋገጠም፤ የተያዘን እንስሳ ሥጋ ግን አትብሉ ይባላል፣ ምክንያቱም ማብሰልም አያጠፋውም። ጥሬ ሥጋ ደግሞ ከዚህ ሌላ የራሱ ጥገኛ ትላትልና ጀርም አለው። ስለዚህ ጭንቅላቱን ለኮሎራዶ ፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍ አስመርምሩ። ሥጋውን ቆራርጣችሁ፣ እያንዳንዱ ከረጢት ላይ የፈቃዱን ቁጥር ጽፋችሁ ፍሪዘር ክተቱት፤ ከሁለት እንስሳ የተገኘ ሥጋ እንዳይቀላቀል። ውጤቱ እስኪመጣ ማንም እንዳይነካው ቤተሰቡን ማሳመን አይከብድም፤ የኅዳሩ አደን ሲያልቅ ጾመ ነቢያት ስለሚገባ እስከ ገና የሚቸኩል የለም።